ልጄን ሳላስጨንቅ እንዴት ላብላት?

ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የተነሳ የጡንቻና የእንቅስቃሴ ቁጥጥርን የሚያውክ ችግር) ያለባትን የ3 ዓመት ልጄን ቤት ውስጥ መመገብ ከአቅሜ በላይ ስለሆነብኝ፣ በዚህ ያለፋችሁ ወላጆችም ሆናችሁ የሙያው ባለቤቶች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ማንኪያው ከንፈሯን ሲነካ አንገቷ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ምላሷም ምግቡን መልሶ ይገፋዋል፤ ጥርሷን ከነካ ደግሞ መንጋጋዋ ጥርቅም ብሎ ይዘጋና ለመልቀቅ ትቸገራለች። ስለዚህ ብረቱን ትቼ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ማንኪያ ይዣለሁ። ወገቧ ቀጥ ብሎ፣ እግሮቿ መርገጫ አግኝተው፣ አገጯም በትንሹ ወደ ደረቷ ዝቅ ሲል የተሻለ ትውጣለች፤ ነገር ግን ብቻዬን ስሆን በአንድ እጄ ራሷን ደግፌ በሌላው ማጉረስ አልሆነልኝም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ውኃ ነው። ወፈር ያለውን ምግብ በደህና የምትውጠው ልጅ፣ ቀጭን ፈሳሽ ስትጠጣ ትስላለች፤ ድምፅዋም ጉሮሮዋ ውስጥ ፈሳሽ የቀረ ያህል እርጥብ ይሆናል። ፈሳሽ ሳያስላት እንኳ ወደ ሳንባዋ ሊገባ እንደሚችል ስለማውቅ፣ ጸጥ ስትል እንኳ ልቤ አያርፍም። ማዕዱን ከ30 ደቂቃ በላይ ላለማራዘም እሞክራለሁ፤ ይሁንና ጊዜውን ሳከብር የምትበላው ያንሳል፣ ክብደቷም መጨመር ካቆመ ሰንብቷል።

ራሷን ሳልጫን የምደግፍበት አያያዝ የትኛው ነው? የመዋጥ ምርመራ ቀጠሮዋ እስኪደርስ ድረስ ፈሳሹን ማወፈር ይገባኛል ወይስ ባለሙያ ልጠብቅ? ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ማብላትስ ይሻላል? ፊቷን ስታዞር ጠግባ ይሁን ደክሟት የምለይበትን ምልክት የምታውቁ ካላችሁም እባካችሁ ንገሩኝ፤ ሳትፈልግ ማጉረሱ ምግብን እንድትፈራ እንዳያደርጋት እሰጋለሁ።