የካሜራ ፍተሻ ነጥቦች ካርታው ላይ በተቃራኒው ጫፍ ይወድቃሉ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የከተማውን የፍሳሽ መስመር ኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ላይ አስገብተናል። ቱቦው ውስጥ በሚገባ ካሜራ የሚደረገው ፍተሻ ውጤት የሚደርሰን በኤክሴል ነው፤ መነሻ ማንሆል (ወደ ቱቦው መግቢያ ጉድጓድ)፣ መድረሻ ማንሆል፣ ርቀትና የጉዳት ኮድ አለው። ጉዳቶቹን በርቀታቸው መስመሩ ላይ ስናስቀምጥ ግማሾቹ በተቃራኒው ጫፍ ይወድቃሉ፣ ጥቂቶቹ ጭራሽ አይወጡም። በጂፒኤስ የለካናቸው የማንሆል ክዳኖችም ከአሮጌው ካርታ ከ200 ሜትር በላይ ይርቃሉ። ከየት እንጀምር?

መልስ 1፦
ከክዳኖቹ ጀምሩ። ያን ያህል ርቀት የለኪ ስህተት አይሆንም። ሁለቱ የተለያየ የኮኦርዲኔት ሥርዓት ይጠቀማሉ፤ አሮጌው ካርታ በአዲንዳን ዩቲኤም 37 ሰሜን (የሥርዓቱ ኮድ 20137)፣ ጂፒኤሱ በደብልዩጂኤስ 84 (32637) ሳይሆን አይቀርም። ሌየሩን (የካርታውን ንብርብር) በእጅ ጎትታችሁ እንዳታስተካክሉት! ለአሮጌው ትክክለኛ ኮዱን ስጡና ሪፕሮጀክት አድርጉት፤ ማለትም ቁጥሮቹን ወደ ጂፒኤሱ ሥርዓት አስለውጡ። ኮዱን ብቻ መቀየር ስሙን ይለውጣል እንጂ ቁጥሮቹን አይነካም።

መልስ 2፦
የተገለበጡት ነጥቦች የአቅጣጫ ጉዳይ ናቸው። ካሜራው በታችኛው ማንሆል ገብቶ ሽቅብ ከሄደ የገመዱን ርዝመት የሚለካው ቆጣሪ ከታች ይጀምራል። መስመሮቹን ሁሉ ከላይኛው ወደ ታችኛው ማንሆል አቅጣጫ አስይዙ፤ ሽቅብ የተፈተሸውን ርቀት ከመስመሩ ርዝመት ቀንሱ። 48 ሜትር መስመር ላይ ሽቅብ ሲታይ 12ኛው ሜትር ላይ የተገኘ የዛፍ ሥር፣ ካርታው ላይ 36ኛው ሜትር ነው።

የማይወጡት ደግሞ ርቀታቸው ከተሳለው መስመር የበለጠ ነው። የገመድ ቆጣሪው ካልተስተካከለ እንዲህ ይሆናል። ካሜራው አስፋልት የሸፈነውን ማንሆል አልፎ ሄዶም ሊሆን ይችላል፤ ቪዲዮውን እዩ። ማንሆል ካለ መስመሩን እዚያ ቁረጡት፤ አንድ መስመር ማለት ከማንሆል እስከ ቀጣዩ ማንሆል ብቻ ነው።

ሌላው፦ ካርታው ከማንሆል መሃል እስከ መሃል ይሳላል፣ ቆጣሪው ግን ከቱቦው አፍ ዜሮ ይላል። ማንሆሉ 1.2 ሜትር ስፋት ካለው በቆጣሪው ርቀት ላይ 0.6 ሜትር ጨምሩ። ለቁፋሮ ይህ ትንሽ አይደለም።

መልስ 3፦
ኤክሴልን አትመኑት። 007 የተባለውን ማንሆል 7 ያደርገውና ከካርታው ጋር አይገናኝም። ዓምዱን ገና ሲገባ ጽሑፍ አድርጉት።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፣ ብዙዎቹ ሽቅብ የተፈተሹ ናቸው። የጉዳት ደረጃውን መስመሩ ሌየር ላይ ብንጽፈውስ?

መልስ 2፦
አይሆንም፤ የሚቀጥለው ፍተሻ የቀድሞውን ይደመስሰዋል። ካሜራው መሃል ላይ በደለል ተዘግቶበት ከሌላው ጫፍ ሲገባም ለአንድ መስመር ሁለት ፍተሻ ይኖራል። ለፍተሻ የራሱ ሰንጠረዥ፣ ለጉዳቶች ሌላ፤ በመስመር መለያና በፍተሻ ቁጥር አያይዟቸው። ካርታው ላይ የመስመሩ ቀለም ከመጨረሻው ፍተሻ ከፍተኛ የጉዳት ደረጃ ይወሰድ።