ክርክር፦ የልጁ የኬሚካል ልኬት ውጤት ለወላጅ ይነገር ወይስ አይነገር?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ርዕስ ትንሽ ይከብዳል ግን ይጠቅማል። ሶፋና ፍራሽ ስፖንጅ ውስጥ፣ ቲቪና ኮምፒውተር ፕላስቲክ ውስጥ እሳት ቶሎ እንዳይዘው ተብሎ የሚጨመር ኬሚካል አለ፣ ፍሌም ሪታርዳንት የሚባለው። አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ለ92 መዋዕለ ህፃናት እድሜ ላይ ላሉ ልጆች የሲሊኮን አምባር ተሰጥቷቸው ለ7 ቀን እጃቸው ላይ አደረጉ፣ አምባሩ ዙሪያቸው ያለውን ኬሚካል ወደ ውስጡ ይመጥጣል፣ ከዛ ላብራቶሪ ገብቶ ይመረመራል። በፈረንጅ 2016 በወጣው ውጤት 41 ዓይነት ፈልገው 20 አገኙ። ጥያቄዬ፦ የእያንዳንዱ ልጅ ውጤት ለእናት አባቱ ይነገር? በጨዋነት እንከራከር እሺ።

እሙ፦ ይነገር እንጂ! ይሄ ምን ያከራክራል? ልጄ እጅ ላይ ያሰሩትን ነገር ውጤት ለእኔ ደብቀው ለጆርናል ሊያወሩ ነው? የልጄ ነው በቃ።

ናቲ፦ እሙዬ ምን ብለው ይንገሩሽ? "አምባሩ ላይ ይሄን ያህል ናኖግራም ተገኘ።" እሺ ከዛስ? እርሳስ የሚባለው ብረት (ሊድ) ቢሆን እኮ ደም ተቀድቶ ይለካል፣ ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት 3.5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር የሚል መነሻ ቁጥር አለው፣ ከዛ በላይ ከሆነ ሐኪሙ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። አምባሩ ላይ ላለው ቁጥር ግን "ይሄ ብዙ ነው" የሚል መስመር የለም። እንቅልፍ ማሳጣት ብቻ ነው።

ቴዲ ላብ፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አምባሩ የሚለካው ልጁ ዙሪያ ያለውን እንጂ ሰውነቱ ውስጥ የገባውን አይደለም። ኬሚካሉ ስፖንጁ ውስጥ የተቀላቀለ እንጂ የተጣበቀ ስላልሆነ ቀስ እያለ ወጥቶ አቧራ ላይ ያርፋል፣ ህፃን ደግሞ ወለል ላይ እየዳኸ ያንን አቧራ በእጁ ሰብስቦ ወደ አፉ ይወስደዋል፣ ክብደቱም ትንሽ ስለሆነ ለኪሎው የሚደርሰው ከእኛ ይበልጣል። ውስጡ የገባውን ለማወቅ ደግሞ እንደ ኬሚካሉ ዓይነት ነው፦ ብሮሚን ያላቸው ስብ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆዩ ደም ትመረምራለህ፣ ፎስፌት ያላቸው ግን ቶሎ ስለሚወጡ ሽንት ነው፣ እሱም የሚነግርህ የሰሞኑን ብቻ ነው። የ3 ዓመት ልጅ ደግሞ ደም ልቅዳህ ስትለው ቤቱን ይገለብጠዋል 😅 ስለዚህ አንዳንዶቹ አልኮል በነካ ጋዝ የልጁን መዳፍ ጠርገው እሱን ይመረምራሉ፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ከመዳፍ የተገኘው ደም ውስጥ ካለው ጋር ሄዷል።

እሙ፦ ያው አየህ ናቲ! መዳፍ ላይ ከሆነማ ማድረግ የምችለው አለ። ከምግብ በፊት አጥበዋለሁ፣ ወለሉን ቶሎ ቶሎ አጸዳለሁ። የኦሪገኑም እኮ ቫኪዩም የሚደረግበት ድግግሞሽና የቤቱ እድሜ ከመጠኑ ጋር ተያይዘው ታይተዋል።

ናቲ፦ እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄው ነው እኮ። ስፖንጁ ውስጥ የጨመረው ፋብሪካ ቁጭ ብሎ ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ "ቫኪዩም አላደረግሽም" ተብሎ እናትየዋ ላይ ይወድቃል። ሁለት ፈረቃ የምትሰራዋ እናት መቼ ታጽዳ? ውጤቱን ለየቤቱ ባደልክ ቁጥር የሕዝብ ጉዳይ የነበረው የቤት ጉዳይ ይሆናል።

ጋሽ ካሳ፦ ልጆች፣ እሳቱንም አትርሱ። ኬሚካሉ ዝም ብሎ አልገባም፣ ቤት ተቃጥሎ ሰው ስላለቀ ነው።

ሰብለ፦ ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን ሕጉ ምን ይል እንደነበር ይዩልኝ። ካሊፎርኒያ በ1975 ያወጣችው ቲቢ 117 የሚባለው ደንብ ስፖንጁን ብቻውን ለ12 ሰከንድ ነበልባል እንዲቋቋም ነበር የሚጠይቀው። ሶፋ ግን መጀመሪያ የሚነደው ጨርቁ ነው፣ እሳቱ ስፖንጁ ጋ ሲደርስ አልፎበታል። በ2013 ደንቡን ለወጡትና ፈተናው በጨርቁ ላይ በሚጨስ ሲጋራ ሆነ፣ ያንን ደግሞ ያለ ኬሚካል ማለፍ ይቻላል።

ናቲ ያልከውን ግማሹን እደግፋለሁ። ስዊድን ውስጥ ከ1972 እስከ 1997 የተቀመጠ የእናት ጡት ወተት ሲመረመር ፒቢዲኢ የሚባለው ብሮሚን ያለው ፍሌም ሪታርዳንት በየ5 ዓመቱ አካባቢ እጥፍ እየሆነ ሲያድግ ተገኘ። ወተቱ የብዙ እናቶች ተቀላቅሎ ስለነበር "ያንቺ ይሄን ያህል ነው" የተባለች አንድም እናት የለችም፣ ግን ዓለምን አስደነገጠ። ከፒቢዲኢ ዓይነቶች ፔንታና ኦክታ የሚባሉት በ2009፣ ዴካ የሚባለው በ2017 በስቶክሆልም ስምምነት፣ ማለትም ቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚያግደው ዓለም አቀፍ ውል፣ ታገዱ። ስለዚህ መለካት ይቅር የሚል ካለ አልስማማም፣ የለካ ባይኖር እስከዛሬ ማንም አያወራም ነበር።

ቴዲ ላብ፦ ታገዱ ብለሽ እንዳትዝናኚ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከህፃናት ፒጃማ የወጣው ትሪስ የሚባል ክሎሪን ያለው ፍሌም ሪታርዳንት በ2011 ከ101 የህፃናት ዕቃ ስፖንጅ ሲመረመር ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የተገኘው እሱ ነበር። ከፒጃማ ወጥቶ መኪና ወንበርና ማስተኛ ውስጥ ገባ። እኔ ብጠየቅ አምባሩን ከማሰር እኩል ዕቃውን ራሱን ቆርጦ መመርመር አለበት፣ ያኔ ለእናት "ልጅሽ ላይ ይሄ ተገኘ" ብቻ ሳይሆን "ከዚህ ዕቃ ነው የመጣው" ትላታለህ።

እሙ፦ ይሄ ያስማማኛል። ግን እስከዛ ድረስ "አትችዪም፣ ትጨነቂያለሽ" ብሎ መደበቅ ንቀት ነው። እኔ ስጨነቅ እኔ ነኝ የምጨነቀው ናቲ ምን አገባው? ሃሃ። ኧረ ደግሞ የእኔ ብቻ አይንገሩኝ፣ ሌሎቹ ልጆች መካከል የት እንደቆመ ጭምር ይንገሩኝ፣ ያኔ ቢያንስ ቁጥሩ ትርጉም ይኖረዋል።

ናቲ፦ እሺ በዚህ ልስማማ፦ አምባሩ ከመታሰሩ በፊት ፎርሙ ላይ "ውጤቱን ማወቅ ይፈልጋሉ?" የሚል ይኑር፣ የፈለገ ይወቅ፣ ያልፈለገ ይቅርበት። ከውጤቱ ጋር ደግሞ ደውሎ የሚያስረዳ ሰው ይኑር፣ ወረቀት ብቻ ተልኮ እናት ሌሊቱን ጎግል ስታደርግ እንዳታድር።

ሰብለ፦ ፎርሙ ላይ ፋብሪካውስ የት ይፈርማል?

ናቲ፦ 😂 እሱን አወያዩን ጠይቂ።