በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ የማየው ነገር የተለመደ ነው ወይስ የብልሹ አሠራር ምልክት?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ቢሮ፣ አዘዞ ደግሞ መጋዘን ባለው አንድ የሸቀጥ አከፋፋይ ድርጅት በንብረት ያዥነት ከተቀጠርሁ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሠራተኞቹ ከአሥር አንበልጥም። የጽሑፍ ውል አልተሰጠኝም፤ ስጠይቅ «ገና በሙከራ ላይ ነሽ፣ ደግሞም እኛ ቤተሰብ ነን» እባላለሁ። ባለቤቱ እንዳይወጣ ያሉትን ዕቃ ወንድማቸው በስልክ «ጫኝለት፣ ሰነዱ ነገ ይመጣል» ብለው ያስወጣሉ፤ ሰነዱ ግን አይመጣም። ባለፈው ቆጠራ የታየው ጉድለት ከደመወዜ እንደሚቆረጥ ተነግሮኛል፤ አሁን ደግሞ «ለፋይል» ተብሎ ባዶ ወረቀት ላይ እንድፈርም ተጠይቄአለሁ። አጎቴ ዋስ ስለሆኑኝ ዝም ብዬ ጥዬ መውጣቱንም ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ በሒሳብ ሥራ ላይ ያሉ አባል

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ባዶው ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ በሌለበት ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያ ወረቀት ነገ የአንቺ «ስምምነት» ሆኖ ሊሞላ ይችላል። መቁረጥ በሚፈቀድበት ጊዜም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝሽ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

የሙከራው ነገርም አያስኬድም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ እሱም ቢሆን በጽሑፍ መደረግ አለበት። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የሥራውን ዓይነትና ደመወዙን የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት ነበረበት፤ ይህ ባለመደረጉ አንቺ የምታጪው መብት የለም። እኔ የማየው ዋናው ምልክት ግን ሌላ ነው፦ ማዘዙ በሌሎች እጅ፣ ተጠያቂነቱ በአንቺ ትከሻ ላይ ሆኗል።

መልስ፦ የራሳቸው አነስተኛ ድርጅት ያላቸው አባል

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ሆኖም ዝርክርክነት ሁሉ ክፋት ነው እንዳትዪ፣ ልጄ። ዕቃ መንገድ ላይ ሲዘገይ ደመወዝ ጥቂት ቀን ሊያልፍ፣ አንድ ሰው ሦስት ሥራ ደርቦ ሊሠራ፣ የሥራ መዘርዝር የሚባል ነገርም ጨርሶ ላይኖር ይችላል፤ እኔም ጋ አለ። ልዩነቱ የሚታወቀው በጽሑፍ ስትጠይቂ ነው። ለባለቤቱ «ከዛሬ ጀምሮ የተፈረመ የወጪ ሰነድ ሳይደርሰኝ ዕቃ እንዳላስወጣ ይፍቀዱልኝ» ብለሽ በሁለት ቅጂ ጻፊና አንዱን አስፈርመሽ አስቀሪ። ደህና አሠሪ እፎይ ይላል፤ ምክንያቱም የሚጠበቀው የራሱ ንብረት ነው። ቢቆጡ፣ ወይም «አታምኚንም?» ካሉ፣ ጉድለቱ የሚፈለገው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባሻል።

እስከዚያው በስልክ የሚታዘዘውን ሁሉ ቀኑን፣ የዕቃውን ዓይነትና ብዛት፣ ያዘዘውን ሰውና የመኪናውን ሰሌዳ ጨምረሽ በራስሽ መዝገብ ላይ ያዢ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በየወሩ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጥብኛል፤ የመለያ ቁጥር ግን ተሰጥቶኝ አያውቅም። ይህስ እንዴት ይታያል?

መልስ፦ በሒሳብ ሥራ ላይ ያሉ አባል

ይህ ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስብሽ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው ያንቺን 7 በመቶ ከራሱ 11 በመቶ ጋር አድርጎ ገቢ ማድረግ አለበት። ተቆርጦ ገቢ ካልሆነ ገንዘብሽ ሌላ ሥራ እየሠራ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ ወደሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በመታወቂያሽ ቀርበሽ መመዝገብሽን አጣሪ።

መልስ፦ ከተመሳሳይ ሥራ የለቀቁ አባል

ለመልቀቅ ከወሰኑ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ፤ በቃል የተነገረ ማስጠንቀቂያ ኋላ ይካዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቆጠራ ተደርጎ ርክክቡ በሦስት ወገን ይፈረም፤ እርስዎ፣ ተረካቢውና ባለቤቱ። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ቀሪ ክፍያዎ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ የሥራ ምስክር ወረቀትም ያለ ክፍያ ይሰጥዎታል። የትርፍ ሰዓት ወይም የደመወዝ ቀሪ ካለዎት ደግሞ ጥያቄው በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ አይዘግዩ። የአጎትዎ የዋስትና ወረቀት ዋናው ቅጂ ሳይመለስልዎ፣ ወይም ከዋስትናው መሰናበታቸው በደብዳቤ ሳይገለጽ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ብቻ አስረክበው አይውጡ።