የጋራ ማመልከቻው ሁለተኛ ረቂቅ፦ የአንጀት ብግነት እና የኮምፒውተር ሞዴል

ጸሐፊ፣ ሐሙስ
ረቂቁ ተለጥፏል። ማስገቢያው የፊታችን ሐሙስ ነው። አምና ሦስት ቀን ዘግይተን ምን እንደደረሰብን ታውቃላችሁ። አስተያየት እስከ ሰኞ ማታ ብቻ። ዓላማው የተስማማንበት ነው፦ ሁለቱ የአንጀት ብግነት በሽታዎች፣ ክሮንና የትልቁ አንጀት ቁስለት፣ ከኢትዮጵያ በመጣነው ሰዎች ላይ እዚህ እስራኤል ከቆየን በኋላ ለምን እንደሚበዛ በኮምፒውተር ሞዴል መፈተሽ።

ገንዘብ ያዥ፣ ሐሙስ
የማኅበሩ ድርሻ 12 ሺህ ሸቀል ነው። የለቅሶ መረዳጃው ሣጥን አይነካም። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እናንተው ታውቃላችሁ።

የቤርሳቤው፣ ሐሙስ
የዕብራይስጡን ትርጉም ለእኔ ተዉት። እሑድ ታገኙታላችሁ።

የነታንያው፣ ሐሙስ ማታ
ገጽ 3 ላይ «ደምና ሰገራ ይሰበሰባል» ይላል። ማን ፈቅዶ? የ1996ቱን ረሳችሁት? እዚህ አገር የሰጠነው ደም በደም ባንኩ ተደፍቶ ሰልፍ ከወጡት አንዱ እኔ ነኝ። ዛሬ ተነስቼ ልጆቼን ደም ስጡ አልልም።

ተማሪው፣ ሐሙስ ማታ
ጋሼ፣ ነገሩ ይገባኛል። ለምን እንዳስገባሁት ልናገር። ኖድ 2 የሚባለው ዘረመል ከክሮን ጋር እንደሚያያዝ የታወቀው በ2001 ነው። ዛሬ ከብግነቱ ጋር የሚያያዙ ከ200 በላይ የዘረመል ቦታዎች ተለይተዋል። አብዛኛው ጥናት ግን የተሠራው በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ ነው። ያንን ብቻ ይዘን ሞዴል ብንሠራ የእኛን ሰው አይመስልም።

የነታንያው፣ ሐሙስ ማታ
አይምሰል። ደም አንሰጥም።

ነርሷ፣ ዓርብ ጠዋት
እኔም ዘረመሉ ይውጣ እላለሁ። ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። በ1984 በሱዳን በኩል የመጣነውም፣ በ1991 ከአዲስ አበባ የገባነውም ስንመጣ ይህ በሽታ ብርቅ ነበር። እዚህ በቆየን ቁጥር ነው መታየት የጀመረው። የዚህ አገር ሐኪሞች ጽፈውታል። ዘረመል በአንድ ትውልድ አይለወጥም። የተለወጠው የምንበላው፣ የምንወስደው አንቲባዮቲክ፣ አንጀታችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሞዴሉ እዚያ ላይ ይሥራ።

ተማሪው፣ ዓርብ ጠዋት
እንግዲያው በዚህ እንሂድ። አጎራ የሚባል ስብስብ በ2017 ወጥቷል። የ773 የአንጀት ባክቴሪያዎች ሞዴል አለው። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚያወጣ በቀመር ተጽፏል። ምግቡን እኛ እናስገባለን። ኮምፒውተሩ ለምሳሌ ቡቲሬት ምን ያህል እንደሚሠሩ ያሰላል። ቡቲሬት የትልቁ አንጀት ግድግዳ ዋና ስንቅ ነው። ክሮን ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ እሱን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ያንሳሉ።

ሰገራ መሰብሰብም ላያስፈልግ ይችላል። በ2019 የታተመው የአሜሪካ ጥናት 132 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ መረጃውን ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ባክቴሪያውን ከዚያ እንወስዳለን። የእኛን ሰው አመጋገብ ግን ከዚያ አናገኝም። በአጎራው ሥራ የተፈተኑት የምዕራባውያን አመጋገብና ፋይበር የበዛበት አመጋገብ ናቸው። ስለዚህ ገጽ 4 ላይ «እንጀራ፣ በቀን ስንት?» የሚል ጥያቄ አስገብቻለሁ።

የነታንያው፣ ዓርብ
የትኛው እንጀራ? እዚህ አገር የሚጋገረው ግማሹ ነጭ ዱቄት ነው። እሱ እንጀራ አይባልም። «የጤፍ እንጀራ» ተብሎ ካልተጻፈ አልፈርምም።

የአሽዶዷ፣ ዓርብ
አይባልም? የጤፍን ዋጋ ያውቁታል? አምስት ልጅ ያሳደግኩት ጤፉን ከነጭ ዱቄት እየቀላቀልኩ ነው። መሶቤ ላይ የቀረበው ምን ነበር ታዲያ?

የሐይፋው፣ ዓርብ
ጎንደር ገጠር ሁሉም ጤፍ ይበላ ነበር ያለው ማነው? እኛ ቤት ዳጉሳና ማሽላ ነበር። ጤፍ የምናየው ለበዓል ነው።

የነታንያው፣ ቅዳሜ ማታ
ሰንበት ወጣ፤ እመልሳለሁ። ዳጉሳም ማሽላም ይሁን፣ እህል ነው። ነጭ ዱቄት ግን የዚህ አገር ነው። ልዩነቱን ካልጻፍን የመጣንበትን ምግብና የተለወጥንበትን ምግብ በአንድ ስም መጥራት ነው። በሽታው ከየት መጣ እያልን ዱቄቱን እንሸፍናለን?

የአሽዶዷ፣ ቅዳሜ ሌሊት
ይህን ላልጽፍ ነበር። ልጄ 16 ዓመቷ ነበር። ሆዷን እየያዘች፣ ደም እያየች፣ ክብደቷ እየቀነሰ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጭንቀት ነው» ተባለች። በመጨረሻ አንጀቷ በመሣሪያ ታየና ክሮን ተባለ። አሁን በየስምንት ሳምንቱ መድኃኒት በደም ሥሯ ይሰጣታል። ያቺን ልጅ ያሳደግኩት በዚያ እንጀራ ነው። ልጅሽን ያሳመምሻት አንቺ ነሽ እያሉኝ ነው?

ነርሷ፣ እሑድ
ማንም እንዲያ አላለም፤ እንዲያ የሚል ማስረጃም የለም። አንድ ምግብ ብቻውን ክሮን አያመጣም። ዘረመል፣ ባክቴሪያ፣ የሰውነት መከላከያ፣ አካባቢ፣ ሁሉም ተያይዘው ነው። ሞዴል የፈለግነውም ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ክር በአንድ ጊዜ መያዝ ለሰው ጭንቅላት ይከብዳል።

የሐይፋው፣ እሑድ
እርሾውንስ ረስታችሁት? ዋናው እርሾው ነው።

ተማሪው፣ እሑድ
እርሾው ምጣድ ላይ በአብዛኛው ይሞታል። ግን ሊጡ ሲቦካ ዱቄቱን ይለውጠዋል፤ እሱ ይመዘገባል። ለሞዴሉ ስሙ ምንም አይደለም። የሚያስፈልገው ከየትኛው ዱቄት ስንት ግራም እንደገባ ነው።

የነታንያው፣ እሑድ
እናቴ በግራም አታውቅም። በጭልፋ ነው የምትለካው። አብሲቱንስ ማን ይመዝናል?

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኞ
አራት ቀን ሙሉ ስለ እንጀራ ነው ያወራነው። ስለ ገጽ 7 በጀት አንድ ሰው አልጻፈም። ኮምፒውተር ለመከራየት 7 ሺህ ሸቀል ተይዟል። ማን አጸደቀው?

ጸሐፊ፣ ሰኞ
የቤርሳቤው፣ ትርጉሙ የት ደረሰ? ሁለት ጊዜ ደወልኩ።

የነታንያው፣ ሰኞ ማታ
እህቴ ከአሽዶድ፣ በአንቺ ላይ አልተናገርኩም። የልጅሽን ነገር አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር ይማራት። የእኔም እህት እዚህ ከመጣች በኋላ በትልቁ አንጀት ቁስለት ታማለች፤ ቤተሰቡ አፍሮ አይናገረውም። ለዚህ ነው ስለ ዱቄቱ የምጮኸው።

የአሽዶዷ፣ ሰኞ ማታ
አሜን። እህትዎንም ይማራት። እንግዲያው ሚዛን ይገዛ። ሃያ ቤት እንግባ። እናቶች ሲያቦኩ እንመዝን፣ የድሮውንም ይንገሩን፤ ዳጉሳውን፣ ገብሱን፣ ጾሙን። እነሱ ካለፉ የሚነግረን የለም።

የሐይፋው፣ ማክሰኞ
በዚህ እስማማለሁ። ድምፃቸውም ይቀረጽ።

ገንዘብ ያዥ፣ ማክሰኞ
ቀረጻና ሚዛን ከገቡ ኮምፒውተሩ 3 ሺህ ይሆናል። ሌላ ገንዘብ የለም።

ተማሪው፣ ማክሰኞ
በ3 ሺህ ባክቴሪያውን ከምግቡ ጋር አሰላለሁ። የመከላከያ ሴሎቹን ክፍል ግን ማውጣት አለብኝ። ያ ክፍል እያንዳንዱን ሴል ለብቻው እያንቀሳቀሰ ብግነቱ እንዴት እንደሚነሳ የሚያሳየው ነበር። እኔ የተማርኩት እሱን ነው።

ነርሷ፣ ማክሰኞ
ረቂቁን አሁን አነበብኩት። «ሞዴል» የሚለው ገጽ 6 ላይ አንድ አንቀጽ ሆኗል። የቀረው ምጣድና ሚዛን ነው። አልቃወምም፤ ግን ይታወቅልን። አንድ ነገር ደግሞ ይጨመርልኝ፦ «ከዚህ ሥራ የሚወጣው ለታማሚ የምግብ ምክር አይደለም»። አንጀቱ የጠበበበት ሰው ፋይበር ቢያበዛ ሊዘጋበት ይችላል። ሰው ይህን አንብቦ መድኃኒቱን ትቶ ጤፍ እንዳይይዝ እፈራለሁ።

የነታንያው፣ ማክሰኞ ማታ
ይጨመር። ርዕሱ ላይ ግን «ጤፍ» ይግባ።

የሐይፋው፣ ማክሰኞ ማታ
ዳጉሳስ?

ጸሐፊ፣ ረቡዕ
የቤርሳቤው ስልክ አያነሳም። ልጄ እስከ ገጽ 5 ተርጉማለች፤ የቀረውን ሌሊት እንጨርሳለን። ርዕሱን «የእህልና የእንጀራ መዝገብ» ብዬዋለሁ። ነገ እኩለ ቀን ይገባል።

ተማሪው፣ ረቡዕ ማታ
ስሌቱን የሚሠራልን ላቦራቶሪ የጠየቀው ደብዳቤ አሁንም አልተፈረመም። የሁለት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል። አንዱ የቤርሳቤው ነበር። በእሱ ቦታ ማን ይፈርማል?

የአሽዶዷ፣ ረቡዕ ማታ
እኔ እፈርማለሁ። ግን ነገ ጠዋት ልጄ መድኃኒቷን የምትወስድበት ቀን ነው፤ ሆስፒታል ነን። ወረቀቱን እዚያ የሚያመጣልኝ ሰው አለ?