ዋና ሥራ አስኪያጅ ከውጭ ላምጣ ወይስ ምክትሌን ላሳድግ?

ዱቄት ነጋዴ፦
ዱከም ላይ ከአባታችን የወረስነው የብስኩትና የፓስታ ፋብሪካ አለን፤ የምንመራው ከወንድሜ ጋር ነው። በ40 ሠራተኛ ተጀምሮ ዛሬ 210 ደርሷል። ሁለተኛው የማምረቻ መስመር ሲተከል ግን ሥራ አስኪያጅነቱ ከእኔ አቅም በላይ እንደሆነ ገባኝ። ሁለት ሰዎች አሉኝ። አንደኛው ናይሮቢና ዳሬሰላም ላይ ተመሳሳይ ፋብሪካ የመራ ሕንዳዊ ነው፤ በወር 4,500 ዶላር፣ ቤት፣ መኪናና የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ይጠይቃል። ሁለተኛዋ ምክትሌ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ሠርታለች፣ የምድጃውን ድምፅ ሰምታ ብልሽቱን ትለያለች። ደመወዟ የእሱን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ባንኩም የስንዴ አቅራቢውም ግን እሷን ሲያዩ «ባለቤቱን አገናኙን» ይላሉ። የውጭ ሰው ቢቀመጥ እንዲህ የሚሉ አይመስለኝም። እንዲህ ማሰቤ ያሳፍረኛል፤ ያየሁት ግን ይህን ነው።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦
ከደመወዙ በፊት ፈቃዱን ያስቡ። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 በከፍተኛ አመራር ቦታ የውጭ ዜጋ ያለ ገደብ የመቅጠር መብት ያለው የውጭ ባለሀብት ነው። የአገር ውስጥ ባለሀብት ከሆኑ ተመሳሳይ ብቃት ያለው ኢትዮጵያዊ አለመገኘቱ መረጋገጥ አለበት፤ አሠልጥኖ የመተካት ግዴታም አለብዎት። ዘጠኝ ዓመት የሠራች ምክትል እያለችዎት «ሰው አጣሁ» ብለው እንዴት ይጽፋሉ? ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ፣ ዶላሩን በ57 ብር አስልተው የተዋዋሉ ድርጅቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሲያስቡ አይቻለሁ።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም፦
አዋጁን ለወጣቶቹ ልተወውና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ምክትልዎ ያለ እርስዎ ፊርማ ስንት ብር ማዘዝ ትችላለች? በሠራሁባቸው ሦስት ፋብሪካዎች ለውጭው ሰው በውል አንቀጽ የሚጻፍለት ሥልጣን፣ ለአገሬው በቃል እንኳ አይሰጠውም ነበር። ከዚያ «የእኛ ሰው መወሰን ይፈራል» ይባላል። ምን ይዞ ይወስን? አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የሚመሩት የአሜሪካው አየር መንገድ የቲ.ደብሊው.ኤ. ሰዎች ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ውሉ ሲሻሻል መጀመሪያ ምክትሉ ኢትዮጵያዊ ተደረገ፤ በ1971 ኮሎኔል ሰምረት መድኅኔ ዋናውን ወንበር ያዙ። ምክትልነቱ የወንበሩ መለማመጃ ነበር፤ በእኛ ፋብሪካዎች ግን ምክትል ማለት ሻንጣ ያዥ ነው። ሕንዳዊውን ከፈለጉት አዲሱን መስመር እንዲያስነሣ ለስድስት ወር በአማካሪነት ያምጡት።

ዱቄት ነጋዴ፦
አባቴ፣ መልሱ 30,000 ብር ነው። ከዚያ በላይ የእኔ ወይም የወንድሜ ፊርማ ያስፈልጋል። ባለፈው ክረምት የምድጃው ሰንሰለት ሲበጠስ እኔ ዱባይ ነበርኩ፤ ወንድሜ ስልክ አላነሣም። መለዋወጫው 41,000 ብር ስለነበር ሦስት ቀን ቆምን። ስመለስ የተቆጣሁት እሷን ነው። ለሕንዳዊው ያዘጋጀሁትን ረቂቅ ውል አሁን አውጥቼ አየሁት፤ በራሱ ፊርማ እስከ ሁለት ሚሊዮን ይላል። ስሙን ፍቄ የእሷን ልጽፍበት እችላለሁ። የሚቸግረኝ ወንድሜ ነው፤ እሁድ ምሳ ላይ አነሣበታለሁ።