ልጄ መሸነፍ አይችልበትም፣ ኳስ ፕሮጀክት ባስገባው ጸባዩ ይስተካከላል?

የቤቢ እናት፦
ሰላም ናችሁ ቤቶች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ትምህርት ላይ ጎበዝ ነው ግን መሸነፍ የሚባል ነገር አይችልበትም፣ ካርታ ተጫውተው እህቱ ካሸነፈችው በትኖት ይነሳል፣ ሰፈር ውስጥ ሲጫወትም ጎል ሲገባባቸው "የኔ ኳስ ናት" ብሎ ታቅፏት ቤት ይገባል (አዎ ከነዛ ልጆች አንዱ የኔ ነው 😅)። እዚህ ሜዳችን ላይ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የሚሰራ ፕሮጀክት አለ፣ አሰልጣኙ በነጻ ነው የሚያሰራው፣ ለኳስ ለምናምን ወላጅ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል። እኔ ከልጆች ጋር ሲውል መሸነፉንም ማሸነፉንም ይለምደዋል ብዬ ነው፣ አባቱ ደግሞ "ኳስ እየጠለዘ ያለፈለት ማን አለ፣ ዱርዬ ሊያደርጉልሽ ነው፣ ደሞ ከርሞ የስድስተኛ ክፍል ፈተና አለበት" ብሎ ዘግቶታል። እውነት ስፖርት የልጅ ጸባይ ያንጻል ወይስ ዝም ብሎ የሚባል ነው? ልጅ ያስገባችሁ ወይ ራሳችሁ ያለፋችሁበት ንገሩኝ።

አሰልጣኝ ነኝ፦
እህቴ እኔ ከ13 በታች አሰራለሁ፣ በበጎ ፈቃድ። ሳልዋሽሽ ኳስ ስለተጫወተ ብቻ ጸባዩ አይስተካከልም፣ ሜዳ ላይ ያደጉ ስንት ባለጌዎች አሉ አይደል። የሚወስነው ሜዳ ዳር የቆመው ሰው ነው። እኛ ጋር ለምሳሌ ማሊያው 11 ነው ልጆቹ ከዛ በላይ ናቸው፣ ስለዚህ ተቀይሮ የሚወጣው እዛው መስመሩ ላይ ማሊያውን አውልቆ ለሚገባው ልጅ በእጁ ይሰጠዋል፣ ላብ በላብ እንደሆነ። በፊት ለምን ተቀየርኩ ብሎ መሬት ላይ የሚወረውር ነበር፣ አሁን የወረወረ የዛን ሳምንት የሁሉንም ማሊያ ቤቱ ወስዶ ያጥባል፣ እናቱ ሳትሆን እሱ። ሌላው ልምምድ ላይ ዳኛ አላቆምም፣ ፋውል የሰራ ራሱ እጁን ያወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ማንም አያወጣም ጭቅጭቅ ብቻ ነው፣ እኔም ዝም ብዬ አያቸዋለሁ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ሳይጫወቱ ወደየቤታቸው። ከዛ እየበረደ ይመጣል፣ መጫወት ስላማራቸው ነው እንጂ ቅዱስ ስለሆኑ አይደለም 😂

አሰልጣኙን ግን አንድ ነገር ጠይቂው፣ ዕድሜ ላይ እንዴት ነህ በይው። በዚህ ሀገር ታዳጊ ቡድን ላይ ትልቁ በሽታ እሱ ነው፣ ፂም ያወጣ ልጅ ከ15 በታች ተብሎ ይሰለፋል። የኛ ብቻ ችግርም አይደለም፣ ፊፋ በ2009 (በፈረንጆቹ) ከ17 በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ዕድሜያቸውን ለመለየት የልጆቹን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ወደ ማየት የገባው ወዶ አይደለም። አሰልጣኙ ልጅሽን "ስትጠየቅ 9 ነኝ በል" ካለው እዛው ቀን አውጪው፣ ውሸትን በዋንጫ እየተሸለመ ነው የሚያድገው።

የአርሲ ልጅ፦
ስፖርት ሲባል ሁሌ ኳስ ለምን ይሆናል? ሩጫ ላይ ብታስገቢው እኮ የሚጣላው ሰው የለም 😀 ቀልዴን አይደለም፣ ሩጫ ላይ ሰበብ አይሰራም፣ ዳኛው በደለኝ ኳስ አላቀበለኝም የለም፣ ሰዓቱ ያው ነው። ደሞ ብቻህን የምትሮጥ ይመስላል እንጂ አይደለም፣ ጠዋት ጫካ ውስጥ በአንድ መስመር ተከታትለው እየተጠማዘዙ ሲሮጡ አይተሽ ከሆነ ከፊት ያለው ድንጋይ ወይ ጉቶ ካየ በእጁ ለኋላው ያሳያል፣ ከኋላ ያለው የሱን እግር እያየ ነው የሚረግጠው፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ እሱ ይመራል። የኛ ቦቆጂ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እኮ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፣ ደራርቱም ቀነኒሳም ጥሩነሽም በሳቸው እጅ ነው ያለፉት።

ደራርቱን ካነሳሁ አይቀር፣ የባርሴሎናውን የ92 ኦሎምፒክ ሁሉም ያውቀዋል፣ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን መጨረሻው መስመር ላይ ጠብቃ አቅፋት አብረው ሜዳውን የዞሩትን። እኔ ግን ከሱ በላይ የምወደው የ2009ኙን የኒውዮርክ ማራቶን ነው፣ እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ ጉልበቷን አሟት ስትቸገር ደራርቱ ፍጥነቷን ቀንሳ አይዞሽ ነይ እያለች ስታበረታታት፣ እየተወዳደረች እኮ ነው! ከዛ ሄዳ አሸነፈች። ልጅሽን ቁጭ አድርገሽ እሱን አሳዪው።

ዝም አልልም፦
@የአርሲ ልጅ ደራርቱ ደራርቱ ስለሆነች ነው እንጂ ስለሮጠች ነው እንዴ? በዶፒንግ የታገዱትም እኮ ሯጮች ናቸው። እኔ እንደውም አባትየው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። እኛ ሰፈር ሜዳው ዳር ቤቲንግ ቤት ነበር፣ ልምምድ ሲያልቅ ትልልቆቹ ልጆች ቀጥታ ወደዛ ነው፣ ትንንሾቹ ደግሞ ቲኬት እየተላኩ እያመጡ ሳያውቁት ሁሉን ነገር ለመዱት። ስለዚህ እህቴ ልምምዱን ብቻ ሳይሆን ከልምምድ በኋላ ያለችውን ግማሽ ሰዓት እይ፣ ማን ጋር ይመለሳል በየት በኩል ይመለሳል። ዱርዬ የሚሆን ልጅ ካለ እዛች ሰዓት ላይ ነው የሚሆነው።

ማርያም ከሜሪላንድ፦
እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ ሁለቱም ልጆቼ ሶከር ይጫወታሉ። እዚህ ሜዳው ሳር ነው ማሊያውም ሞልቷል፣ ችግሩ ወላጁ ነው! ዳኛው ራሱ የሃይስኩል ልጅ ነው፣ አባቱን የሚያክል ሰውዬ ይጮኽበታል፣ ከዛ የሰውዬው ልጅ መኪና ውስጥ ገብቶ "ዳኛው ነው ያሸነፈን" ይላል፣ ከየት ተማረው? እኛ አበሾቹም ብንሆን ከማንም አናንስም፣ ባለቤቴን ሁለተኛ ወንበርህን ከመስመሩ ራቅ አድርገህ ቁጭ በል ብዬዋለሁ። ስሸነፍ አለቅሳለሁ የሚል ልጅ ካለሽ ደግሞ ወደ ቤት ስትመለሱ ስለ ጨዋታው አታንሺበት፣ ራበህ ወይ በይው በቃ። ሲርበው ይበላል፣ ማታ ላይ ራሱ ያወራሻል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከአሰልጣኙ ጋር ስታወሪ ቴስታ ያሰራቸዋል ወይ በይ፣ እዚህ ከ2015 ወዲህ 10 ዓመትና ከዛ በታች ላሉ ልጆች በጭንቅላት መምታት ከልክለዋል፣ ለጭንቅላታቸው ብለው። ያንቺ ልጅ 11 ቢሆንም ቀስ ብሎ ቢጀምር አይከፋም።

የቤቢ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ 🙏 ለአባቱ ሁሉንም አነበብኩለት፣ የቤቲንጉ ላይ ሲደርስ "አላልኩሽም?" አለኝ 😂 ግን ቅዳሜ አብሬው ሄጄ አየዋለሁ ብሏል። አንድ ቃል አስገብቶናል፣ ደረጃው ከወረደ ኳስ ይቆማል ነው።

አሰልጣኝ ነኝ፦
አባትየው መምጣቱ ጥሩ ነው ይምጣ። ያቺን የደረጃ ነገር ግን ብታስቡባት፣ እኛ ጋር አንድ ጎበዝ በረኛ ነበረ፣ ሂሳብ ወደቀ ተብሎ በግጥሚያው ዋዜማ ቀረ፣ ሌሎቹ ልጆች በረኛ አጥተው ቆመው ቀሩ፣ እሱም ሲመለስ ማንም ሊያናግረው አልፈለገም። ፈተና ሲደርስ ልምምድ ይቀንስ፣ እኛም እንቀንሳለን፣ ግጥሚያ ግን ቃል ከገባ ይምጣ። ማጥናቱን ደግሞ በሌላ ነገር ያዙት፣ ስልክ የለውም እንዴ 😀

የቤቢ እናት፦
ስልክማ የኔን ነው የሚወስደው 🙈 እሺ ገብቶኛል። ታኬታ ልግዛለት ወይስ ይቆይ?

አሰልጣኝ ነኝ፦
ይቆይ። ሜዳችሁ ጠጠር ከሆነ ታኬታ ያንሸራትተዋል፣ ሸራ ጫማ ይበቃዋል፣ ካማረሽ ከሳልቫጅ ፈልጊለት እግሩ ገና ያድጋል። ረጅም ካልሲ ግን አትርሺ።