ተሳፋሪ ላወረድኩበት 100 ፓውንድ ተጠየቅሁ፤ ልክፈል ወይስ ልከራከር?

ሰላም ወገኖች። ለንደን ውስጥ ሚኒካብ የምትነዱ ወይም ሕጉን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

በምርኩዝ የሚሄዱ አንዲት እናት አሳፍሬ ቤታቸው በር ላይ አወረድኳቸው። ሻንጣቸውን ይዤ ደጃፋቸው ድረስ ሸኘኋቸውና ወዲያው ወጣሁ። ገንዘቡን የጠየቀኝ የፓርኪንግ ኩባንያ የላከልኝ የካሜራ ፎቶ ራሱ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው የሚለው። ግቢው የግል ነው፤ የፓርኪንግ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳው ግን በዛፍ ተሸፍኗል (በማግስቱ ሄጄ ፎቶ አንስቼዋለሁ)።

የጠየቁኝ 100 ፓውንድ ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልኩ 60። ባለቤቴ “ከፍለህ ተገላገል” ትላለች። ከዚያ ጉዞ ያገኘሁት እኮ 9 ፓውንድ ነው!

እንዳነበብኩት ከሆነ ይህ የመንግሥት ቅጣት ሳይሆን የኩባንያ የክፍያ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የእንግሊዝ ሕግ (Protection of Freedoms Act) መሠረት መኪናው ላይ ወረቀት ካልለጠፉ፣ መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ሰው ደብዳቤው በ14 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። አለዚያ ሾፌሩን ሳያውቁ እሱን ማስከፈል አይችሉም። የእኔ የተጻፈው ከ19 ቀን በኋላ ነው። እኔ ሞኙ ግን ተናድጄ ደወልኩና “አዎ፣ የነዳሁት እኔ ነኝ” አልኳቸው። አፌ ነው ያስያዘኝ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የኦክስፎርድ ፍርድ ቤት ዕቃ ለማውረድ ለአፍታ መቆም ፓርኪንግ አይደለም ብሎ እንደፈረደም አይቻለሁ። ይህ ለተሳፋሪም ይሠራል? ፖፕላ (POPLA፣ የግል ፓርኪንግ ክፍያ ይግባኝ የሚያይ ገለልተኛ አካል) ድረስ ሄዶ ያሸነፈ አለ? እዚያ ከተሸነፍኩ የ60ው ቅናሽ ይቀራል፤ የቀረኝ ደግሞ 5 ቀን ብቻ ነው።